ጎጆ የሳቱ ፊደላት

ይድረስ ለእህቴ፣ ለእታለሜ።

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ? ዓይንሽስ? ያ መርፌ የወጋው አውራ ጣትሽ ዳነ ወይስ አሁንም በጨርቅ ተጠቅልሎ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል? «ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ብቻ ስለምሰፋ ሙሉ ሸሚዝ የማየው ሰው ላይ ብቻ ነው» ብለሽ የጻፍሽውን ስናነብ እማዬ አለቀሰች፣ እኔ ሳቅሁ፤ ትንሽ ቆይተን ተቀያየርን። አብረውሽ የሚያድሩት ሴቶች ደህና ናቸው? ያቺ ስታንኮራፋ መስኮት የምታንቀጠቅጠው ልጅ ክፍል ቀየረች? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ሁላችንም እንተነፍሳለን፣ ሁላችንም እንበላለን ማለቴ ነው። የቀረውን ግን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ወደ ወሬው ከመግባቴ በፊት አንድ ኃጢአት አለብኝ፤ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እናዘዛለሁ። ባለፈው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ «አባባ ግንባርሽን ስመውሻል፣ ጋሼ በርቺ ብለውሻል፣ ሰዓት ሠሪው ጎረቤታችን እንኳ እጅ ነስተውሻል» ብዬ የጻፍኩት ሰላምታ አንዱም ከባለቤቱ አፍ አልወጣም። ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ቀርቶት ነበርና ማንንም ሳልጠይቅ በየስማቸው ሰላምታ አመረትኩላቸው። አጎታችን ጋሼ «በርቺ» የሚል ቃል እንደማይወጣቸው ታውቂ ስለነበር መጠርጠር ነበረብሽ፤ ስለዚህ ግማሹ ጥፋት የአንቺ ነው። ይቅር በይኝ። ይህን ያስቀደምኩት በትንሹ ኃጢአት ከለመድሽ ትልቁ እንዳያስደነግጥሽ ብዬ ነው።

ትልቁ ይኸውልሽ። ነገ እሑድ ሽማግሌ ተሰብስቦ የአያታችንን የአባባን የማተሚያ ክፍል ቁልፍ ሊቀበላቸው ነው፤ አእምሯቸው ደክሟል ተብሎ። አእምሯቸው ግን ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እስካሁንም ለማንም አልተናገርኩም።

ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ። ከሁለት ወር በፊት የእንግሊዝኛ መምህሩ (ያ ሲራመድ ሰላምታ የሚሰጥ የሚመስለው ረጅሙ ሰውዬ) አንድ ትንሽ መጽሐፍ እንዲታተምላቸው ይዘው መጡ። ለተማሪዎቻቸው ነው። በየገጹ ባለ አምስት ፊደል የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ ይደረደራሉ፤ አንዱ ገጽ ኤስ እና ኤች ተያይዘው የሚገኙባቸው፣ አንዱ ኤን እና ጂ የሚገኙባቸው፣ እንዲህ እየተባለ፣ ከጎናቸው ደግሞ ትርጉማቸው በእኛ ቋንቋ። ጋሼ «ይሄማ በኮምፒውተር ግማሽ ቀን ነው» አሉ። መምህሩ ግን አባባ ከመሳቢያ አንድ በአንድ እየለቀሙ የሚደረድሩት የእርሳስ ብረት ፊደል ወረቀቱ ላይ ጎድጎድ ብሎ ስለሚታተም ልጆቹ በጣታቸው እየዳሰሱ ያጠኑታል ብለው እምቢ አሉ። አባባ በዚያን ቀን ሁለት ሴንቲ ሜትር ረዘሙ።

አንድ ነገር ግን አላወቅንም ነበር እታለም። አባባ አርባ ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ ሲለቅሙ ኖረው የአንዱንም ቃል ትርጉም አያውቁም። «እኔ ፖስተኛ ነኝ፤ ደብዳቤውን አደርሳለሁ እንጂ አላነብም» ነው የሚሉት። አሁን ትርጉሙ ከጎኑ ተጽፎ ሲመጣላቸው እንደ ልጅ ሆኑ። ሰባተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ጭራሽ ሥራቸውን አቆሙ። ሰባተኛው ገጽ የጂ እና የኤች ነው፤ ሃያ ቃል። መምህሩ እነዚህ ሁለቱ ሲያያዙ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ እንደሌላቸው፣ አንዳንዴ ብቻ «ፍ» እንደሚሉ አስረዷቸው። አባባ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ዝም የሚሉ ከሆነ ለምን ይለቀማሉ ብለው ጠየቁ። መምህሩም ቦታቸው ስለሆነ ነው አሉ። አባባ መልሱን ወደዱት። እኔ ግን ትዝ ያለኝ የሽማግሌ ጉባኤ ነው፤ ከአምስቱ ሁለቱ ትንፍሽ ሳይሉ ተቀምጠው ይነሣሉ፣ ካልመጡ ግን ነገሩ አይጸናም። ይህን ለአባባ ብነግራቸው በእርሳሱ ማሰሪያ ክር ጆሮዬን ጠበጠቡኝ፤ ሲዞሩ ግን ፈገግ ሲሉ አይቻቸዋለሁ።

አሁን የቤቱን ሕግ አስታውሺ። ገጹ ታትሞ ሲያልቅ እያንዳንዱ ፊደል ወደየጎጆው ይመለሳል። ትልቁ መሳቢያ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ክፍሎች አባባ «ጎጆ» እንደሚሏቸው መቼም አትረሺም። አባባ ሲለቅሙ ዓይናቸው ጽሑፉ ላይ ነው፤ እጃቸው ብቻውን ሄዶ ብቻውን ይመጣል። እጁ የሚያምነው ጎጆውን ነው። ስለዚህ አንድን ፊደል የሌላው ጎጆ ውስጥ ያስገባ ሰው ቅጣቱ አንድ ብቻ ነው፤ ጥጉ ላይ ባለው ገንዳ እጁን ታጥቦ ይወጣል፣ ዳግመኛ መሳቢያ አይነካም። በዚህ ሕግ የተቀጣ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጋሼ። የገዛ ልጃቸው! ያኔ አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነበር አሉ። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሆናቸው፣ ፊት ለፊት ባለው ሱቅ ወረቀት ይሸጣሉ፤ ለአባባ ወረቀት የሚያቀብሉት በመስኮት ነው እንጂ ያንን ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ለእኔ ደግሞ የተፈቀደልኝ ማጽዳት፣ ማሰርና መጥረግ ብቻ ነው። ፊደል መመለስ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ነው ተብያለሁ፤ ገና አሥራ አምስቴ ነው።

ባለፈው ሰኞ ከምሳ በኋላ አባባ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ሸለብ አደረጋቸው። አምስተኛውና ስድስተኛው ገጽ ታትመው አልቀው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዱ በጂ የተሞላ፣ አንዱ በኤች የተሞላ። አየኋቸው። አዩኝ። ምን ይከብዳል ብዬ ተነሣሁ። መመለስ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ እኔ ግን እንደ አባባ ሳላይ ልመልስ ብዬ የእማዬን ሻሽ ዓይኔ ላይ አሰርኩ። ለማን ልታይ ብዬ እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ ያለሁት እኔ ነኝ፣ የተኙት እሳቸው። ጣቶቼ እየዘለሉ ሲሄዱ ‹ወይ እጅ! ወይ ዘር!› እያልኩ ራሴን አደነቅሁ። ሻሹን ስፈታ ጠረጴዛው ባዶ፣ ጎጆዎቹ ሙሉ ነበሩ። የጂ እና የኤች ጎጆ ደግሞ ጎን ለጎን ናቸው።

አባባ ነቁ። ባዶውን ጠረጴዛ አዩና ይህን መቼ መለስኩት ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን የምናገርበት ጊዜ ያ ነበር። ነገር ግን ሳቄ መጣ፤ ከንፈሬን ነክሼ፣ እርስዎ ነዎት እንጂ ማን ይመልሰዋል፣ እንቅልፉ አስረስቶዎት ነው አልኳቸው። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ግን ግንባራቸውን በመዳፋቸው አሹ፤ ሁለቴ። ሁለተኛውን ማሸት ልብ ማለት ነበረብኝ።

ማክሰኞ ሰባተኛውን ገጽ ለቀሙ። ረቡዕ መምህሩ የማረሚያውን ወረቀት ሊያዩ መጡ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። በመጨረሻ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ ከሃያው ቃል ሃያውም ተሳስቷል አሉ። አባባ አጉሊ መነጽራቸውን አምጥተው ገጹን ከላይ እስከ ታች ሄዱበት።  ፊደሎቹን አፍርሰው እዚያው መምህሩ ቆመው ሳለ እንደገና መልቀም ጀመሩ። በደነገጡ ቁጥር እጃቸው ይበልጥ ልማዱን ነው የሚከተለው፤ በሁለቱ ጎጆዎች ላይ ላዩን ያለው ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። ሁለተኛውም ልክ እንደ መጀመሪያው ሆኖ ወጣ።

አባባ ሽርጣቸውን ፈቱ። አራት ቦታ አጠፉት። ሁላችንንም አስወጥተው በሩን ቆለፉና ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። ከዚያ ለእማዬ እንዲህ አሏት፤ «ሰኞ አእምሮዬ ረሳ፤ ዛሬ እጄ ረሳ። ከእንግዲህ የቀረ ነገር የለም።»

የሆነው የገባኝ እዚያው ነው፤ ሻሹን እንዳሰርኩ ጂውንና ኤቹን አቀያይሬያለሁ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ክፍሉ ባይቆለፍ ሄጄ በድብቅ አስተካክለው ነበር፤ ቁልፉ ግን ካንገታቸው አይወርድም፣ ሲታጠቡ እንኳ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሦስት ቀን ምን ብዬ ልንገርሽ። አባባ የመምህሩን ገጽ ወስደው ያጠናሉ። አእምሮዬ አለ ወይስ የለም የሚለውን ሊፈትኑ ነው። ፈታኟ ደግሞ ማን ትሆናለች ብለሽ ነው? እኔ ነኛ። ጠዋት ፊታቸውን እየታጠቡ «ጠይቂኝ» ይሉኛል። እኔ «ናይት» እላለሁ፤ እሳቸው «ሌሊት» ይላሉ። «ላይት» ስል «ብርሃን፤ ቀላልም ይሆናል፣ እንደሸክሙ ነው» ይላሉ። «ሳይት» «ማየት»፤ «ፋይት» «ጠብ»፤ «ኔይ» ስላቸው የፈረስ ማሽካካት ነው ብለው ቆመው ያሽካካሉ፣ ጎረቤት ይወጣል። አንዷ ላይ ብቻ እንፋጠጣለን፤ «ታይ» ስል ቃሉን አይጠሩትም። ጭን ማለት እንደሆነ አሳምረው ያውቃሉ፤ ግን ሴት ልጅ ፊት አይሉም። «ከጉልበት ከፍ ያለው» ብለው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ ፎጣው አገጫቸው ላይ እንዳለ «ልክ ነው?» ብለው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ልክ ነው አባባ እላለሁ። እንደዚያ ሲያዩኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይኼ ነው፤ ዳዋው ደግሞ አይጧን እንዲፈትነው ይለምናል።

ጋሼም ሥራ አልፈቱም። እርሳስ አቅልጦ የሚሸጠውን ሰውዬ አነጋግረዋል፤ ሰኞ ሚዛኑን ይዞ መጥቶ ፊደሉን በሙሉ መዝኖ ይወስዳል። በቦታው ፎቶ ኮፒ ሊያስገቡ ነው። ለአባባ ጤና ስል ነው ይላሉ፤ በረንዳው ላይ የፀሐይ መሞቂያ ወንበር አስቀምጠውላቸዋል፣ ትራሱ ጭምር ተዘጋጅቷል። አባባ በዚያ ወንበር አጠገብ ሲያልፉ እንደ ጉድጓድ ዞረው ነው የሚያልፉት።

እማዬን በዘወርዋራ ላማክራት ሞከርኩ። አንዲት ጓደኛዬ አንድ ጥፋት አጥፍታ ሌላ ሰው እየተሰቃየላት ቢሆን ምን ታደርግ አልኳት። እማዬ ድንቿን እየላጠች ያቺ ጓደኛሽ እግሯ እንዳንቺ ቀጭን ነው ወይ አለችኝ። ተነሥቼ ወጣሁ።

እንግዲህ ምክርሽን እጠይቅሽ ነበር፤ ነገር ግን ደብዳቤው አንቺ ጋ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ አባባ ፀሐይ ሞቀው፣ ሞቀው፣ ጠቁረው ይጠብቁሻል። ብናገር ምን እንደማጣ ታውቂያለሽ። ያ ክፍል ለእኔ ከትምህርት ቤት የምመለስበት ምክንያት ነው። የእርሳሱ ሽታ፣ አባባ ሳያዩ «ቁንጫ፣ ክር!» ሲሉኝ እኔ ሳላይ የማቀብላቸው ነገር። እጄን ታጥቤ ከወጣሁ እንደ ጋሼ በመስኮት ነው የማየው። ባልናገር ደግሞ... ይህን ዓረፍተ ነገር መጨረስ አልቻልኩም። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ እዚህ ላይ ላቁም።

እታለም፣ አሁን እሑድ ነው። የምጽፍልሽ ከወረቀት መጋዘኑ ውስጥ፣ ጥቅሎቹ መሃል ተቀምጬ ነው። በእኔና በሳሎኑ መካከል ያለው የጣውላ ግድግዳ ብቻ ነው፤ አንድ ቀዳዳ አለው፣ ማን እንደበሳው አልናገርም። ስብሰባው ለስምንት ሰዓት ነበር የተጠራው፤ ሰዓት ሠሪው ግን ስምንት ተኩል ሲሆን ገቡ። በሕይወታቸው ለአንድ ነገር በሰዓቱ የደረሱ ቢሆን ኖሮ ሰው ሰዓቱን እንዲጠግኑለት ይሰጣቸው ነበር ይላል ጋሼ፤ ይላሉ ማለቴ ነው፣ ስቸኩል አክብሮቴ ይወድቃል። መምህሩ ጥግ ላይ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። ጋሼ በሩ አጠገብ ናቸው። እማዬ ውኃ ትቀዳለች፤ ማንም አይጠጣም፣ እሷ ግን መቅዳት አላቆመችም።

ሰዓት ሠሪው ንግግር እያደረጉ ነው። ሰዓት ሁሉ አንድ ቀን ይቆማል፣ ጥበበኛ ሰው ግን ከመቆሙ በፊት ይጠግነዋል ወይም ይፈታዋል አሉ። የትኛውን እንደሚመክሩ ራሳቸውም የገባቸው አይመስልም። ጋሼ ነገሩን አሳጠሩት፤ አባቴ ሰኞ የሠሩትን እዚያው ሰኞ አላስታወሱም፣ ረቡዕ ሃያ ቃል ሁለት ጊዜ ሳቱ፣ ዓይናቸውም እጃቸውም ደክሟል፣ ሳይጎዱ ቢያርፉ ይሻላል አሉ። ድምፃቸው ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

አባባ አእምሮዬን ፈትኑት አሉ። መምህሩም የዚያን ገጽ ሌላ ቅጂ አወጡ። ዓይኔን ቀዳዳው ላይ ለጠፍኩ።

መምህሩ «ራፍ» አሉ። አባባ «ሻካራ» አሉ። «ታፍ» ሲሏቸው «ጠንካራ፤ ቶሎ የማይበጠስ» አሉ። «ጎስት» «ሙት መንፈስ»፤ «ዶው» «ሊጥ»፤ «ባው» «የዛፍ ቅርንጫፍ»። «ዌይ» ሲባሉ ወደ ጋሼ ሳይዞሩ «መመዘን፤ ነገ የሚመጣው ሰውዬ የሚያደርገው» አሉ። ጋሼ ጫማቸውን አዩ። እኔ እዚህ ሆኜ ጣቴን እየቆጠርኩ ነበር፤ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት። ከዚያ መምህሩ «ታይ» አሉ።

 እማዬ ማንቆርቆሪያውን ይዛ አጠገባቸው ቆማለች። አባባ እሱን ዝለለው አሉ። ሰዓት ሠሪው ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው «ይቺ ጠፋች» አሉ፣ በሐዘን። ጠፋች! እኔ ውስጥ ሆኜ «ጭን! ጭን! ጭን!» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። መምህሩ ነገሩ የገባቸው መሰለኝ፣ ጆሯቸው ቀልቶ ነበር፣ ግን እሳቸውም አልደፈሩም። ጨዋነት ሰው ይገድላል እታለም።

አሁን አባባ እየተናገሩ ነው። ልክ እንዳሉት ልጻፍልሽ፤ «ሃያውንም አውቃቸዋለሁ። ግን ትርጉም ማወቅ ለእኔ ትርፍ ነው። አርባ ዓመት ያኖረኝ እጄ ነው። እጁ የማይታመን ለቃሚ ቁልፍ አይዝም።»

ክሩን ከአንገታቸው እያወጡ ነው። ጆሯቸው ላይ ያዘባቸው። አወጡት። ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ድምፁን ሰማሁት።

ጠብቂኝ፤ መጣሁ።

ጽሕፈቴ የተበላሸው እጄ እርጥብ ስለሆነ ነው። ገባሁ እታለም። ሁሉም ዞረው አዩኝ። በመንገዴ ያሰናዳሁት ረጅም ንግግር ነበረኝ፣ መግቢያው ራሱ ደስ የሚል፤ ከአፌ የወጣው ግን «ሰኞ ዕለት ፊደሉን የመለስኩት እኔ ነኝ። አባባ፣ እርስዎ ምንም አልረሱም» የሚል ብቻ ነው። ከዚያ የጂ እና የኤችን ጎጆ ነገርኳቸው። እማዬ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ሰዓት ሠሪው አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይናገሩ ከፍተው አየኋቸው።

አባባ ተነሡ። ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ ወስደው ክፍሉን ከፈቱ። ሁላችንም ተከተልን፤ ጋሼ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አባባ እጃቸውን ሳያዩ ወደ ጂ ጎጆ ሰደዱት፣ አንድ ፊደል አነሡና መስኮቱ ጋ ወስደው አዩት። ደገሙ። ሰለሱ። አሥር ያህል ፊደል ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ፤ ሰባቱ ኤች ናቸው። በየት በኩል ቆሜ እንደነበር ጠየቁኝ፣ አሳየኋቸው። ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው ወይ አሉኝ፣ አዎ አልኩ። በምን አሉኝ፣ በእማዬ ሻሽ አልኩ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሱ ብዬ ልወድቅ ነበር። ሲዞሩ ሳቅ ነው! እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። መምህሩም ሰዓት ሠሪውም ተከተሉ፤ እኔም ድኛለሁ ብዬ ፈገግ ማለት ጀመርኩ።

ያኔ ነው ሳቃቸውን ያቆሙት። ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው «ሦስት ቀን ራሴን ስቀብር አጠገቤ ቆመሽ ነበር» አሉኝ።

ፈገግታዬን ዋጥኩት።   አባባ በአገጫቸው ወደ ገንዳው አመለከቱ። ሕግ ሕግ ነው። ሄጄ ውኃውን ከፈትኩ፣ ሳሙናውን አነሣሁ። እንባዬን ማንም እንዳያይ ፊቴንም አብሬ ታጠብኩ፤ ሕጉ ፊት አይልም ግን አይከለክልም። ዓይኔን ሳሙና እያቃጠለኝ ፎጣውን ፍለጋ እጄን ስዘረጋ አንድ ሰው መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ቀና ስል ጋሼ ናቸው። ደጃፉን ተሻግረው ገብተዋል፣ ገንዳው አጠገብ ቆመዋል። ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ፣ ቀስ ብለው «እኔ ስታጠብ ፎጣ ያቀበለኝ አልነበረም» አሉ።

 አባባ ወደ ጋሼ ዞሩ። ይቅርታ የሚል ቃል አልጠበቅሁም፤ ሁለቱም እንደዚያ ያለ ነገር አይወጣቸውም። አባባ ቁልፉን አንገታቸው ላይ መልሰው እያንጠለጠሉ «ልጄ፣ ሰውዬው ነገ ሚዛኑን ይዞ እንዳይለፋ ንገረው» አሏቸው። ልጄ አሏቸው። ጋሼም እሺ አባቴ ብለው ወጡ፤ ሲወጡ ግን በየጠረጴዛው ጫፍ ላይ እጃቸውን እያሳለፉ፣ ቀስ ብለው ነው የወጡት።

ሰዓት ሠሪው ነገሩ በዚህ እንዳያልቅባቸው ሰግተው እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለው ሌላ ንግግር ጀምረው ነበር፤ እማዬ ውኃ ሰጠቻቸው።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ዳግመኛ መሳቢያ አልነካም። ነገር ግን ከመውጣቴ በፊት ሁለቱን ጎጆዎች አራግፌ ጂውን ለብቻ፣ ኤቹን ለብቻ አንድ በአንድ እለያለሁ፤ ዓይኔን ከፍቼ። ሌሎቹንም ጎጆዎች እፈትሻለሁ። አባባ ይህን ሁሉ ሲዘረዝሩ በስንት ቀን እንደምጨርስ አልተናገሩም። ረስተው ነው እንዳልልሽ፣ ምንም እንደማይረሱ ዛሬ ተረጋግጧል። እኔም ሥራዬን በታላቅ ጥንቃቄ ይዤዋለሁ። እስካሁን አራት ፊደል ለይቻለሁ። እያንዳንዱን በብርሃን አያለሁ፣ እገለብጠዋለሁ፣ እንደገና አያለሁ፤ ስሕተት አይደገምማ! በዚህ አያያዜ አንቺ ለእረፍት ስትመጪ እዚሁ ታገኚኛለሽ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። አሁንም ፊደል እለያለሁ ብዬ የተቀመጥኩት መሳቢያው ሥር ነው፤ ደብዳቤውም ጉልበቴ ላይ ነው።

እማዬ በእውነት፣ በገዛ አፏ፣ ጣትሽን በሞቀ ጨው ውኃ እንድትነክሪ ብላሻለች፤ ደግሞም ሁለቱንም ጉንጮችሽን ስማሻለች። አባባን ስጠይቃቸው «ሃያ ቃል አጥንቻለሁ፣ ስትመጣ ትፈትነኛለች በያት» አሉ፤ ሰላምታ መሆኑ ነው። ጋሼ አንድ ጥቅል የደብዳቤ ወረቀት ልኬላታለሁ በያት ብለዋል፤ በርቺ አላሉም፣ ወረቀቱ ግን ከሱቁ ጥሩው ነው። መምህሩ ሰባተኛው ገጽ ሲታተም አንድ ቅጂ ይልኩልሻል። ሰዓት ሠሪውን ገና አልጠየቅኋቸውም፤ ብጠይቃቸው ነገ ፖስታ ቤቱ እስኪዘጋ ያወሩኛል። እኔ ቁንጫሽ ዓይንሽን፣ ግንባርሽንና ያን የተወጋ ጣትሽን ስሜያለሁ።

ከማተሚያ ክፍሉ፣ ከመሳቢያው ሥር። እሑድ፣ አሥር ሰዓት ከሩብ።

ጫማ አየሁ። ከጫማው በላይ ሽርጥ አለ፣ ከሽርጡ በላይ ደግሞ አባባ አሉ፣ እስክሪብቶዬን እያዩ። «ቁንጫ! ያ እጅሽ ላይ የያዝሽው ጂ ነው ኤች?»